አባዬ ስቴንት ተደርጎለታል፣ ጾሙን ግን አልተውም ብሏል

ሰላም ናችሁ፣ አባዬ 63 ዓመቱ ነው፣ ስኳርና ግፊት አለበት፣ ሲጋራ ካቆመም ገና 2 ዓመቱ። የዛሬ 5 ወር ደረቱን አፍኖት ህመሙ ግራ እጁ ድረስ ሲዘልቅ አዲስ አበባ ወሰድነው፣ አንዱ የልብ ደም ስሩ ጠቦ ስለተገኘ ስቴንት (ደም ስሩን ከፍቶ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ ቱቦ) አስገቡለት። ከስኳሩ መድኃኒት ሌላ አስፒሪን 81፣ ክሎፒዶግሬል 75፣ አቶርቫስታቲን 40 በቀን አንዴ፣ የልብ ምትና ግፊት የሚቀንሰው ሜቶፕሮሎል 50 ደግሞ ጠዋትና ማታ ታዞለታል።

ሁዳዴ ሲገባ እስከ 9 ሰዓት ውሃም አልቀምስም አለ። የንስሐ አባቱ ራሳቸው መጥተው መድኃኒትህን ዋጥ ቢሉትም ወይ ፍንክች! ክሎፒዶግሬል ከተቋረጠ ስቴንቱ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል ስላሉን እሱንስ እንደምንም ከ9 ሰዓት በኋላ ይውጣል፣ ግን ትናንት የጠዋቱን ሜቶፕሮሎል ከማታው ጋር ደርቦ ወሰደና ሲነሳ አዞረው፣ ስንለካው ግፊቱ 92 በ58፣ የልብ ምቱ 48። ዛሬ ደህና ነው።

ያለነው ደሴ ነው፣ ቀጠሮው 3 ሳምንት ይቀረዋል፣ የሐኪሙ ስልክም አይነሳም። ፋርማሲ ስጠይቅ ቀስ እያለ የሚለቅ በቀን አንዴ የሚዋጥ ሜቶፕሮሎል አለ አሉኝ፣ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ ግን አንቀይርም አሉ፣ እውነታቸውን ነው። እዚህ ያላችሁ ሐኪሞችና ፋርማሲስቶች፣ እስከ 9 ሰዓት ለሚጾም ሰው ሜቶፕሮሎሉ እንዴት ነው የሚስተካከለው?