ከፍታ ላይ ጉልበት ለሚያጣ ሞተር ሳይክል ምክር እሻለሁ

ተራራማ አገር በሞተር ሳይክል ብቻዬን እያቋረጥኩ ነው። ባለ ካርቡሬተር (አየርና ነዳጅ የሚቀላቅል ክፍል) የሆነው ሞተሬ ሜዳ ላይ እንከን ባይኖርበትም፣ ከባሕር ጠለል በላይ 3000 ሜትር ገደማ ሲደርስ ጉልበቱ ይከዳዋል፤ ነዳጅ ስሰጠው ከመፍጠን ይልቅ እየታፈነ ጥቁር ጭስ ይለቃል። ካንዴላውን ፈትቼ ሳየው ጫፉ ደረቅ ጥላሸት ለብሷል፤ ስወለውለው ለጥቂት ጊዜ ይሻለዋል፣ ከዚያ ያው ነው። የአየር ማጣሪያው ንጹሕ ነው። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለሉ 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ ድብልቁ ነዳጅ እንደሚበዛበት፣ ጉልበቱም በተወሰነ ደረጃ መቀነሱ እንደማይቀር ይገባኛል።

የቸገረኝ ግን ይህ ነው፦ ዋናውን የነዳጅ መርጫ ቀዳዳው በጠበበ ብቀይረው፣ ወደ ቆላ ስወርድ ነዳጅ አንሶት ሞተሩ ከመጠን በላይ እንዳይግል እሰጋለሁ። መንገዱ ደግሞ በአንድ ቀን ደጋግሞ የሚወጣና የሚወርድ በመሆኑ፣ በየአቀበቱ ካርቡሬተር እየፈቱ መጓዝ ለብቸኛ ሰው የሚታሰብ አይደለም። ነዳጅ የሚመጥነውን የካርቡሬተሩን መርፌ አንድ እርከን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ይበቃል ወይስ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲሰጥ ለውጥ አያመጣም? ለሁለቱም ከፍታ የሚሆን መካከለኛ የመርጫ መጠን የመረጣችሁ ካላችሁ፣ በምን ምልክት እንደለያችሁት ብትነግሩኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።