ሎጎ በኢንተርኔት ውድድር ማሠራት ያዋጣል?

የፒያሳው፦
ሰላም ጎንደሮች። ፒያሳ አካባቢ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ልከፍት ነውና ሎጎ ፈልጌ ነበር። አንድ ወዳጄ "ናይንቲናይን ዲዛይንስ የሚባል ድረ ገጽ ላይ ውድድር ክፈት፣ ከየአገሩ ይሠሩልሃል፣ ለመረጥከው ብቻ ትከፍላለህ" አለኝ። ይሄ ሁሉ ሰው በነፃ የሚለፋው ምን ነክቶት ነው? ደግሞስ ጎንደርን አይቶ የማያውቅ ሰው ምን ይሥልልኛል? ክፍያውን ውጭ ያለች እህቴ በካርዷ ትጨርስልኛለች። የሞከራችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ማራኪዋ፦
እኔ ከተወዳዳሪዎቹ ወገን ነኝ። አዎ፣ ሁላችንም እንሠራለን፣ የሚከፈለው ግን አሸናፊው ብቻ ነው። ጀማሪ ሳለሁ ጠቅሞኛል፤ ለደንበኛ የማሳየው ሥራ ያጠራቀምኩት እዚያ ነው። እንጀራ ግን አይሆንም። አሁን ፋይቨር ላይ ነኝ፣ ደንበኛ በቀጥታ የሚያዝህ የሥራ ድረ ገጽ ነው። እሱም ከእያንዳንዱ ሥራ 20 በመቶ ይቆርጣል፣ 100 ዶላር ብትሠራ 80 ይደርስሃል። ፔይፓል የሚባለው የኢንተርኔት ክፍያ እዚህ አገር ገንዘብ ስለማያስቀብል፣ በሌላው፣ በፔዮኒር ዞሮ ነው ባንክ የሚገባልኝ።

ለማንኛውም ውድድር ከከፈትክ ሽልማቱን "የተረጋገጠ" አድርገው። አልወደድኩትም ብለህ ገንዘብህን ማስመለስ አትችልም፣ ግን ጎበዞቹ የሚመጡት እሱን ሲያዩ ነው። ጠፍተህ አትክረም። የመጀመሪያዎቹ ንድፎች ሲገቡ ይሄ ቀለም አይሆንም፣ ያኛው ፊደል ይወፍር እያልክ በየቀኑ ካልተናገርክ ጥሩዎቹ ትተውህ ይሄዳሉ። ደግሞ በናትህ "የፋሲል ግንብ ይግባበት" ብለህ አትጻፍ፣ የከተማው ታፔላ ሁሉ ግንብ ነው!

አዘዞ፦
እኔ ውድድር የሚሉትን ነገር አልወደውም። ሠላሳ ሰው አስለፍቶ አንዱን መክፈል በእኛ ባህል የቀን ሠራተኛ እንኳን አይሠራበትም። አፕወርክ በሚባለው የቅጥር ድረ ገጽ ላይ አንድ ሰው ቅጠር፤ ገንዘቡ ድረ ገጹ ዘንድ ይያዛል፣ ሥራውን አይተህ ስትስማማ ይለቀቃል። ወይም እዚሁ ሰው አለልህ፣ ቡና እየጠጣችሁ ታስረዳዋለህ።

ማራኪዋ፦
አዘዞ፣ እዚሁ ያለው ሰው እኮ ሥራውን ያገኘው እዚያ ተለማምዶ ነው። ማንም አስገድዶን አልገባንም። እኔን ያስመረረኝ ውድድሩ ሳይሆን ኔትወርክ ነው። በ2015 ማብቂያ ሞባይል ዳታ ተዘግቶ በከረመ ጊዜ የውጭ ደንበኛ ምን ሰምቶ ይጠብቀኛል? ቀኑ አለፈ፣ ደንበኞች የሚሰጡኝ ኮከብ ወረደ፣ በቃ።

አዘዞ፦
እሱስ እውነትሽን ነው። የሁላችንም ሥራ ነው የተበላሸው።

የፒያሳው፦
ተባረኩ። እኔ እንኳን ግንቡን ልጽፍ ነበር ሃሃ። ግን ሁለት ንድፍ ብወድስ? አንዱን ሸልሜ ሌላውን ለምግብ ቤቱ መጠቀም አልችልም?

ማራኪዋ፦
ሳትከፍል አይሆንም። ያልተመረጠው ንድፍ የሠሪው እንደሆነ ይቀራል፣ ከፈለግከው ለብቻው ትገዛዋለህ። አሸናፊውንም ቢሆን ሥዕሉን ጎግል ላይ አስገብተህ ፈልገው፣ ከሌላ ቦታ አንስተው የሚያስገቡ ሞልተዋል። ዋናውን የቬክተር ፋይል (ቢተልቅም የማይደበዝዘውን) ሳትረከብ ደግሞ ሥራው አልቋል ብለህ እንዳታጸድቅ። ጄፔግ፣ ማለት እንደ ፎቶ ያለውን ፋይል ብቻ ይዘህ ታፔላ ሠሪ ጋ ብትሄድ ሲያተልቀው ይደበዝዝብሃል፣ ከዚያ እንደገና ለማስሣል ሌላ ወጪ ነው።