የእድር አባላትን መታወቂያ በቴሌግራም ቡድን መሰብሰብ ተገቢ ነውን?

የአራዳ ነዋሪ (ጠያቂ)፦
ጎንደር አራዳ አካባቢ የሚገኘው እድራችን የአባላት መዝገቡን ሊያድስ በማሰቡ፣ እያንዳንዱ አባል የፋይዳ መታወቂያውን ፊትና ጀርባ ፎቶ አንሥቶ፣ ከቤተሰቡ ስም ዝርዝርና ከስልክ ቁጥሩ ጋር በእድሩ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ እንዲልክ ጸሐፊው አሳስበዋል። ብዙዎች ልከዋል፤ እኔ ግን እስካሁን አመንትቻለሁ። ጸሐፊውን ተጠራጥሬ አይደለም፤ ለእድሩ ዘመናቸውን የሰጡ ታማኝ ሰው ናቸው። ይሁን እንጂ የቡድኑ መግቢያ ሊንክ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ስለቆየ፣ ውስጥ ያለው ሁሉ የእድሩ አባል መሆኑን የሚያውቅ የለም። ሥጋቴ የተጋነነ ነውን? ካልሆነስ ትልልቆቹን ሳላስቀይም እንዴት ላቅርበው?

የማራኪው፦
አልተጋነነም። ካርዱ ፎቶግራፍዎን፣ ሙሉ ስምዎንና የትውልድ ቀንዎን፣ እንዲሁም ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥርዎን ይዟል። ስልክ ቁጥር ደግሞ በአገራችን መደዋወያ ብቻ አይደለም፤ የቴሌብር ሒሳብም በእርሱ ነው የሚታወቀው። እነዚህ ሁሉ በአንድ ቦታ ከተገኙ አጭበርባሪው «ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ ስምዎንና የትውልድ ዘመንዎን በትክክል ይጠራል፤ እናት አባቶቻችንም ይህን ያህል የሚያውቅ ሰው ሐሰተኛ አይመስላቸውምና፣ ቀጥሎ በአጭር መልእክት የደረሳቸውን የማረጋገጫ ኮድ ሲጠይቃቸው ያነቡለታል። የቴሌግራም አካውንት የሚጠለፈውም ብዙ ጊዜ በዚሁ መንገድ ስለሆነ፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫውን ዛሬውኑ ያብሩ፤ ስልክ ቁጥርዎም ለማንም እንዳይታይ በሴቲንግ ውስጥ ይወስኑ።

ከአዘዞ፦
ነገሩን ባናከብደው መልካም ነው። እድር በመተማመን የቆመ ማኅበር ነው፤ የአባትና የእናቶቻችን ስም ከነቤተሰባቸው በመዝገብ ሲጻፍ ኖሯል፤ የተጎዳ ሰው አልሰማንም።

የሕግ ባለሙያ፦
ወንድማችን ከአዘዞ ያነሡት እውነት ነው፤ ነገር ግን ያ መዝገብ በጸሐፊው ቤት ተቆልፎ የሚቀመጥ ነበር እንጂ በየአባሉ ኪስ የሚዞር አልነበረም። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተደነገገ መብት ሲሆን፣ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ መረጃ ለታወቀ ዓላማ፣ ለዚያም ዓላማ በሚያስፈልገው መጠን ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ሸንጎ ቁሙ ማለቴ አይደለም። እድር ለቀብር፣ ለድንኳንና ለመዋጮ የሚያስፈልገው ስም፣ የቤተሰብ ዝርዝርና አንድ ስልክ ነው፤ የፋይዳ ቁጥር ለየትኛው ሥራ እንደሚውል እኔም አልገባኝም። ማንነት ማጣራት ካስፈለገ ጸሐፊው በስብሰባው ዕለት ካርዱን በዓይናቸው አይተው በመዝገቡ ላይ ምልክት ቢያደርጉ ይበቃል።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ በቡድኑ ውስጥ በይፋ አይከራከሩ፤ ጸሐፊውን ቤታቸው ሄደው ያነጋግሯቸው። ስለ ሕጉና ስለ ጠለፋው ከመናገርዎ በፊትም መርዶን ያንሡላቸው። የሞት ወሬ ለማን፣ መቼና በማን አፍ እንደሚነገር ሽማግሌዎቻችን አጥብቀው የሚጠነቀቁበት ጉዳይ ነው፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ ተሄዶ የሚነገረውን ነገር ውጭ አገር ያለ ልጅ ብቻውን ሆኖ ከእድሩ ቡድን ላይ ቢያነበው ምን ማለት እንደሆነ ለእርሳቸው ማስረዳት አያስፈልግም። ቡድኑ ውስጥ የሚጻፍ ነገር ከታሰበለት ሰው አልፎ እንደሚሄድ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ማስረጃ አላውቅም፤ እግረ መንገድዎንም የሞት ማስታወቂያው ቤተሰቡ ሳይፈቅድ እንዳይለጠፍ ይጠይቁ።

የአራዳ ነዋሪ፦
አመሰግናለሁ፤ ከስብሰባው በፊት ቤታቸው እሄዳለሁ። ቀደም ሲል የተላኩትን ፎቶዎች ማጥፋት የሚችለው ላኪው ነው ወይስ የቡድኑ አስተዳዳሪ?

የማራኪው፦
ላኪው የራሱን ከሁሉም ዘንድ ማጥፋት ይችላል፤ አስተዳዳሪውም የመሰረዝ ሥልጣን ካለው የሁሉንም ያጠፋል። ሆኖም ስልካቸው የደረሰውን ፎቶ በራሱ ጊዜ ጋለሪ ውስጥ እንዲያስቀምጥ የተደረገ አባላት ቅጂው ስለሚቀርላቸው፣ በስብሰባው ላይ እያንዳንዱ ከስልኩ እንዲሰርዝ ቢነገር፣ የቆየው የመግቢያ ሊንክም ተሽሮ አዲስ ቢወጣ ይሻላል።