ፋይሉ እዚያው እያለ «አልተገኘም» ይለኛል

ጥያቄ፦
ሰላም፣ አንድ ነገር ከትናንት ጀምሮ ጭንቅላቴን አዙሮታል። በፓይተን የጻፍኳት ትንሽ ፕሮግራም አለች፣ ከጎኗ ካለው «ዳታ» ከሚባል ፎልደር የስም ዝርዝር ታነባለች። ተርሚናል ላይ ፎልደሩ ውስጥ ገብቼ ሳስነሳት ትሰራለች። ኮድ የምጽፍበት ቪኤስ ኮድ ላይ ማስኬጃውን ስጫን ግን ፋይሉ አልተገኘም። በዓይኔ እያየሁት! ከሲ ድራይቭ ጀምሬ ሙሉ አድራሻውን ስጽፍ ይሰራል፣ ግን ለጓደኛዬ ብልክለት እሱ ጋ እንደማይሰራ ገብቶኛል። ምን ይሻላል?

መልስ 1፦
ይቺን ሁላችንም ቀምሰናታል። ፓይተን ፋይሉን የሚፈልገው ኮዱ ካለበት ሳይሆን ፕሮግራሙ ሲነሳ ከነበረበት ፎልደር ተነስቶ ነው። ቪኤስ ኮድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከከፈትከው ዋና ፎልደር ስለሆነ፣ ኮድህ ንዑስ ፎልደር ውስጥ ከሆነ በቃ ተሳሳተ ማለት ነው። ከፓይተን ጋር ከሚመጣው ኦኤስ ሞጁል «ጌት ሲ ደብሊው ዲ» የሚለውን ፈንክሽን ጠርተህ ፕሪንት አድርገው፣ የት እንደቆምክ ይነግርሃል።

መልስ 2፦
እሱ እንዳለው ነው። አንዳንዱ ኮዱ መጀመሪያ ላይ «ቻንጅ ዲር» ብሎ ፎልደር ቀይሮ ይገላገላል፣ እኔ አልወደውም። ተጠቃሚው ከተርሚናል የራሱን ፋይል ስም ሲሰጥህ እሱ ካለበት ፎልደር ነው የሚያስበው፣ አንተ መሬቱን ከስሩ ስበህበታል። ስለዚህ ለያቸው፦ ከኮዱ ጋር አብሮ የሚሄደውን ፋይል ከኮዱ ቦታ ተነስተህ ፈልገው፣ የተጠቃሚውን እንዳለ ተወው። ለመጀመሪያው ፓዝሊብ የሚባል የፋይል አድራሻ መስሪያ ሞጁል አለልህ፣ ከፓይተን 3.4 ጀምሮ አብሮ ይመጣል። ግራና ቀኙ ሁለት ሁለት አንደርስኮር ያለበትን «ፋይል» የሚለውን ቫሪያብል ለ«ፓዝ» ስጠው፣ «ሪዞልቭ» በለው፣ ኮዱ ያለበትን ፎልደር የሚሰጥህን «ፓረንት»ን ውሰድ፣ ከዚያ በስላሽ «ዳታ»ን ቀጥልበት።

ጠያቂው፦
ሰራ!! ግን ያንኑ ጁፒተር ኖትቡክ (ኮድ ቁራጭ በቁራጭ የሚሮጥበት ሰነድ) ላይ ብገለብጠው ቫሪያብሉን አላውቀውም አለኝ።

መልስ 2፦
ኖትቡክ ውስጥ ያ ቫሪያብል የለም። እዚያ ብዙ ጊዜ መነሻው ኖትቡኩ ያለበት ፎልደር ስለሆነ ከ«ዳታ» የሚጀምረውን አጭሩን አድራሻ ብትጠቀም ይበቃሃል።

መልስ 3፦
ዊንዶውስ ላይ ከሆንክ አድራሻ ውስጥ ባክስላሽ (ወደኋላ ያዘነበለውን ስላሽ) አትጠቀም። ከኋላው የእንግሊዝኛው «ኤን» ከመጣ ፓይተን አዲስ መስመር አድርጎ ያነበዋል፣ እኔ በዚህ አንድ ሙሉ ቀን አቃጥያለሁ። ወደፊት ያዘነበለው ስላሽ እዚያም ይሰራል። ጓደኛህ ሊኑክስ ከሆነ ደግሞ የፋይሉን ስም ትልቅና ትንሽ ፊደል አስተካክል፣ ሊኑክስ ይለያቸዋል።