ሐሞቴ ወጥቷል፤ ለተቅማጥ የታዘዘልኝን መድኃኒት ልጀምር ወይስ ልተው?

ጠያቂዋ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ዛሬ ማታ ልጀምረው ነበር።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሆዴ አላስቆም አላስቀምጥ ብሎኛል። ጠዋት ከቤት ሳልወጣ ሦስት አራት ጊዜ እመላለሳለሁ። ሥራዬ አዛውንት ቤት ሄዶ መንከባከብ ነው፣ ሴትዮዋን ገላዋን እያጠብኩ ሆዴ ሲቆርጠኝ የምይዘው የምጨብጠው ይጠፋኛል። ደም ተመረመርኩ፣ ሰገራ ሰጠሁ፣ ኮሎኖስኮፒም ታየሁ። ምንም የለም፣ አይ ቢ ኤስ (በምርመራ ምንም ሳይታይ አንጀት የሚረበሽበት ሕመም) ነው፣ ተቅማጥ የሚበዛበት ዓይነት ነው ተባልኩ። ከዚያ ቫይበርዚ የሚባል መድኃኒት ታዘዘልኝ፤ 100 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ከምግብ ጋር።

አሁን አብሮ የመጣውን ወረቀት በስልኬ እያስተረጎምኩ ሳነብ የሐሞት ከረጢት የሌለው ሰው አይውሰድ ይላል። እኔ ደግሞ የዛሬ 9 ዓመት አዲስ አበባ እያለሁ በጠጠር ምክንያት ሐሞቴን በቀዶ ሕክምና አውጥተውልኛል። እዚህ ክሊኒክ ፎርሙን የሞላችልኝ ልጄ ናት፣ ያኔ ሕፃን ስለነበረች አታውቅም፣ እኔም ትዝ አላለኝም። ግማሽ ግማሽ ብወስደውስ? ኢንሹራንሱ ስንት ወር አስለፍቶኝ ነው የፈቀደው፣ መተው ከበደኝ።

ፋርማሲስት ነኝ (ቨርጂኒያ)

እህቴ፣ አትጀምሪው። ግማሹንም ቢሆን።

ምክንያቱን ልንገርሽ። ሐሞትና ከቆሽት የሚወጣው ፈሳሽ ወደ አንጀት የሚገቡበት ትንሽ በር አለ፣ የሚከፍት የሚዘጋው ጡንቻ ነው። ይህ መድኃኒት አንጀትን ሲያረጋጋ ያንንም ጡንቻ ሊያጠብቀው ይችላል። ሐሞት ከረጢት ያለው ሰው ፈሳሹ የሚጠራቀምበት ቦታ አለው። አንቺ የለሽም። በሩ ሲጠብቅ ግፊቱ ወደ ኋላ ይመለስና ቆሽት ይቆጣል። የቆሽት መቆጣት ደግሞ ሆስፒታል የሚያስተኛ፣ ሰው የሚገድል ነገር ነው።

መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በግንቦት 2015 በፈረንጆቹ ነው። እስከ 2017 መጀመሪያ ድረስ የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍ ዲ ኤ 120 የከባድ ቆሽት መቆጣት ወይም የሞት ሪፖርት ደረሰው። ሐሞት ከረጢት እንዳላቸውና እንደሌላቸው ከታወቀው 68 ሰዎች መካከል 56ቱ የሌላቸው ነበሩ። የሞቱት ሁለቱም ሐሞታቸው የወጣ ነው። አንዳንዱን የያዘው አንድ ወይም ሁለት ክኒን እንደዋጠ ነው፣ ስለዚህ «ሞክሬው ልየው» የሚባል ነገር የለም። ድሮ ሐሞት ለሌለው 75 ሚሊግራም ይታዘዝ ስለነበር የቆየ ጽሑፍ ላይ ልታገኚው ትችያለሽ፣ እሱ ቀርቷል።

ነገ ጠዋት የገዛሽበት ፋርማሲ ደውለሽ ሐሞቴ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል በያቸው። ፋይልሽ ላይ ይጽፉታል፣ ሐኪሙንም ያገኙልሻል። እዚህ ያለ ሐኪም አዲስ አበባ የተሠራልሽን ኦፕራሲዮን በኮምፒውተሩ አያየውም። ካልነገርሽው የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

የዳላሱ ሹፌር

እኔ ይህንኑ መድኃኒት እወስዳለሁ፣ ሐሞቴ ግን አለ። ለእኔ ሠርቶልኛል፣ ስለዚህ ለሁሉም ሰው መርዝ ነው ማለት አይደለም። ግን ሁለት ነገር አጥፍቻለሁ፣ ሌላ ሰው እንዳይደግመው ልናገር።

አንደኛ፣ ረጅም መንገድ ስይዝ ለማስተማመኛ ብዬ ተቅማጥ የሚያስቆመውን ኢሞዲየም ደረብኩበት። አምስት ቀን ሙሉ ደረቅኩ፣ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጠረ። ድርቀት ከአራት ቀን ካለፈ አቁመህ ደውል ተብዬ ነበር፣ ዛሬ ይሻለኛል ነገ ይሻለኛል እያልኩ ሳልደውል ቀረሁ። ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ስንት ትጠጣለህ ሲለኝ «አልፎ አልፎ» አልኩት። ቅዳሜና እሁድ ግን አምስት ስድስት ቢራ እጠጣ ነበር። በቀን ከሦስት በላይ የሚጠጣ ሰው ይህን መድኃኒት መውሰድ የለበትም፣ እሱም በቆሽት የተነሳ ነው። ተመልሼ እውነቱን ነገርኩትና መጠጡን ተውኩ።

ነርስ ነኝ (ሚኒያፖሊስ)

ኢሞዲየምን ካነሳህ አይቀር፣ ያለ ማዘዣ ስለሚሸጥ ሰው እንደ ከረሜላ ያየዋል። ባለ 2 ሚሊግራሙን በራስህ የምትወስድ ከሆነ በ24 ሰዓት ከአራት ክኒን አታልፍ። ሲበዛ የልብ ምት ያዛባል።

እህቴ፣ አንድም ክኒን ሳትወስጂ ስላነበብሽው ተመስገን። ምናልባት ወስደሽው ቢሆን ኖሮ ምልክቱ ይህ ነው፦ ከእምብርት በላይ ኃይለኛ ሕመም፣ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ቀኝ ትከሻ የሚሄድ፣ ማስመለስም ሊኖረው ይችላል። ያኔ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ተቅማጡም ላይ ደም ካየሽ፣ ክብደትሽ ካለምክንያት ከቀነሰ፣ ወይም ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስሽ ከሆነ አይ ቢ ኤስ ነው ተብሏል ብለሽ ዝም አትበይ።

ሌላው፣ ልጅሽን አስተርጓሚ አታድርጊያት። አስተርጓሚ ስጡኝ በይ፣ በስልክ አማርኛ ያገናኙሻል፣ ክፍያ የለውም። እናት በልጇ ፊት ስለ ሰገራ ማውራት ታፍራለች፣ ልጅም የማታውቀውን ትዘላለች። በየቀኑ የማየው ነው።

ጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ አልነካሁትም። ግን እንግዲህ ምን ልውሰድ? እንደዚህ ሆኜ መኖር አልቻልኩም። ደግሞ በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት አልቀምስም።

ፋርማሲስት ነኝ (ቨርጂኒያ)

ሐኪሙን የምትጠይቂው አንድ ትልቅ ጥያቄ አለ። ሐሞቱ የወጣ ሰው ሐሞቱ ሳይጠራቀም ያለማቋረጥ ወደ አንጀት ስለሚፈስ፣ እሱ ራሱ ተቅማጥ ሊያመጣ ይችላል። ጭራሽ አይ ቢ ኤስ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። «ተቅማጤ ከሐሞት ይሆን?» ብለሽ ጠይቂው። ለዚያ ኮሌስታይራሚን የሚባል ዱቄት አለ፣ በውሃ ወይም በጭማቂ ተበጥብጦ ይጠጣል፣ ሐሞቱን አንጀት ውስጥ ይይዘዋል። ሌላ መድኃኒት ግን አብሮ ይይዛል። የታይሮይድም የደም ግፊትም ክኒን የምትወስጂ ከሆነ ከእሱ ቢያንስ አንድ ሰዓት ቀድመሽ ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት ዘግይተሽ ነው።

አይ ቢ ኤስ ነው ከተባለ ደግሞ ሪፋክሲሚን አለ። አንቲባዮቲክ ነው፣ 550 ሚሊግራም በቀን ሦስቴ ለ14 ቀን፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይወሰዳል። ሌላም አሎሴትሮን የሚባል አለ፣ በጣም ለጠናባቸው ሴቶች ብቻ ነው። በ2000 በፈረንጆቹ ከገበያ ወጥቶ በ2002 በጥብቅ ገደብ የተመለሰ ነው፣ ወደ አንጀት የሚሄደውን ደም ሊቀንስ ስለሚችል። እሱን ከሐኪም ጋር በደንብ ሳትነጋገሪ አትቀበይ። ስለ ጾሙም ሰዓቱን ለሐኪሙ ንገሪው፣ ንስሐ አባትሽንም አማክሪ።

ከአዲስ አበባ

ይቅርታ በመሃል ገባሁ። እኔም ሆዴ እንደዚሁ ነው። የማትወስጂው ከሆነ ሰው ሲመጣ ብትልኪልኝስ?

ነርስ ነኝ (ሚኒያፖሊስ)

ወንድሜ፣ አይሆንም። አሜሪካ ውስጥ ቁጥጥር የሚደረግበት መድኃኒት ነው፣ ለሌላ ሰው መስጠት ወንጀል ነው። አንተም ገና ምንህ እንደሆነ አልታወቀም። ሰገራህን ተመርምረሃል? ጃርዲያ ወይም አሜባ ይዞህ ከሆነ አንጀት የሚያረጋጋ መድኃኒት አያድንህም። በየጊዜው «አሜባ ነው» እያልክ ሳትመረመር መድኃኒት እየገዛህ ከሆነም እሱን ተውና ውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂድ።

ጠያቂዋ

የደረስኩበትን ልንገራችሁ። ፋርማሲ ደወልኩ፣ ልጅቷ ቶሎ ገባት፣ ፋይሌ ላይ ጻፈችው። ከሰዓት ሐኪሙ ራሱ ደወለ፣ በአስተርጓሚ አወራን። መድኃኒቱን ሰረዘው። ስለ ሐሞቱ ስጠይቀው ትንሽ ዝም አለና «ከዚያ መጀመር ነበረብን» አለኝ። ሐሙስ ቀጠሮ አለኝ፣ ዱቄቱን ሊያዝልኝ ነው። ያልተከፈተውን ጠርሙስ ፋርማሲው የተረፈ መድኃኒት የሚጣልበት ሣጥን ስላለው ይዤው እሄዳለሁ። የታይሮይድ ክኒን ጠዋት ጠዋት እወስዳለሁ፣ የሰዓቱን ነገር በወረቀት ጽፌ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፌዋለሁ።