የአባቴ አንጀት ተጠማዞ ተፈታ፣ አሁን ኦፕራሲዮን ይሁኑ ወይስ እንቆይ?

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። አባቴ 71 ዓመታቸው ነው፣ ድርቀት የቆየ ችግራቸው ነው። ባለፈው ሳምንት ሆዳቸው እንደ ከበሮ ተነፋ፣ ሰገራም ፈስም አልወጣ አለ፣ ቁርጠቱ ሄድ መጣ ይል ነበር፣ እኛ ደግሞ ጋዝ ነው ብለን ሁለት ቀን ቤት አስቀመጥናቸው (እስካሁን ይቆጨኛል)። ራጅ ተነሱ። ሲቲ ስካኑ የትልቁ አንጀት የታችኛው ክፍል፣ ሲግሞይድ የሚሉት፣ በራሱ ላይ መጠማዘዙን አረጋገጠ። አንጀቱ ገና ስላልሞተ በፊንጢጣ በኩል ካሜራ ያለው ቱቦ አስገብተው ፈቱት፤ አየሩ ሲወጣ ሆዳቸው ወዲያው ጎደለ።

ሐኪሙ ግን ይሄ ጊዜያዊ ነው፣ ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይጠማዘዛል፣ ስለዚህ ከሆስፒታል ሳይወጡ ያ የተጠማዘዘው ረዘም ያለ የአንጀት ክፍል ተቆርጦ ይውጣ አሉ። አባቴ «ተሻለኝ እኮ፣ ምን ሆኜ ነው የምቀደደው?» ብለው እምቢ። እውነቱን ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ፣ የልብ ድካም አለባቸው። በሌላ በኩል ተመልሶ መጥቶ አንጀቱ ከሞተ ድንገተኛ ኦፕራሲዮን ነው፣ አደጋውም የባሰ ነው፣ ሰገራቸውም በሆዳቸው በኩል ወደ ከረጢት ሊወጣ ይችላል ተብለናል።

በዚህ ያለፈ አለ? ኦፕራሲዮን ሳይደረግ የቆየ ሰው ስንት ጊዜ ተመለሰበት? ሐኪም የሆናችሁ ደግሞ፣ ልቡ ለደከመ ሰው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ምን ምን ልጠይቅ? ነገ ጠዋት መልስ ስጡ ብለውናል።