የኮንዶሚኒየም ፕላን ሲነደፍ ነዋሪው ይጠየቅ ወይስ አይጠየቅ?

የጀሞዋ፦ በመንግሥት ገንዘብ የሚሠራ መኖሪያ ፕላኑ ከመጽደቁ በፊት ለሚኖርበት ሰው ይታይ እላለሁ። እኔ አራተኛ ፎቅ ነው የምኖረው፤ ሊፍት የለም። እናቴ ጉልበቷን ያማታል። አንዴ ከወረደች ለመውጣት ሦስት ቦታ ታርፋለች፤ አሁን መውረዱን ትታዋለች። ድሮ በራችን ላይ ተቀምጣ የሰፈሩን ሰው ሁሉ ሰላም ትል ነበር። እስቲ ሐሳባችሁን አምጡ።

መሐንዲሱ፦ እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። ግን ቁጥሩን እንይ። በ1997 ዓ.ም. ብቻ ከ400 ሺህ በላይ ሰው ለኮንዶሚኒየም ተመዘገበ። በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ሌላ ምዝገባ ተከፈተ። ከ97ቱ ተመዝጋቢዎች ከአሥር ዓመት በላይ የጠበቁ ብዙ ናቸው። አንድ ዓይነት ፕላን እየደጋገምን የሠራነው፣ ሊፍትም የተውነው ዋጋው እንዲቀንስ ነው። ስብሰባ በረዘመ ቁጥር ሲሚንቶና ብረት ይወደዳል። ያንን የሚከፍለው ያው ተመዝጋቢው ነው።

የእድር ጸሐፊው፦ እኔን ከፎቁ ይልቅ ያስጨነቀኝ ዕጣው ነው። በአንድ ግቢ ሠላሳ ዓመት አብረው ከኖሩት አንዱ ጀሞ፣ አንዱ የካ አባዶ፣ አንዱ ቱሉ ዲምቱ ደረሰው። ዛሬም ለቅሶ ሲኖር ሁለት ሦስት ታክሲ ይዘው ወደ ድሮው እድራቸው ይመጣሉ። ማን ከማን ጎን ይኑር የሚለውም ንድፍ ውስጥ መግባት አለበት።

አርክቴክቷ፦ ጋሼ ልክ ብለዋል። አንድ ነገር ልጨምር። ኮሚናሉን ያሰበ ባለሙያ አኗኗራችንን ያውቅ ነበር። በግ የሚታረድበት፣ እንጀራ የሚጋገርበት፣ ልብስ የሚታጠብበት፣ ለቅሶና ድግስ የሚደረግበት የጋራ ቤት ፕላኑ ውስጥ አስገብቷል። ግን ስንቱ ሱቅ ሆነ፣ ስንቱ ጂም ሆነ! ሊጥ ተሸክሞ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ ቀላል አይደለም። ቁልፉ ማን ጋ ይሁን? መብራቱን ማን ይክፈል? ይሄን የወሰነ አልነበረም። ለኔ ንድፍ እሱንም ይጨምራል። ሥዕሉ ብቻ አይደለም።

ሌላ አገር ተሞክሯል። በቺሊዋ ኢኪኬ ከተማ ኪንታ ሞንሮይ የሚባል ሰፈር አለ። መቶ ገደማ ቤተሰቦች መሀል ከተማ ያለ ፈቃድ ሰፍረው ነበር። ለአንድ ቤተሰብ የተመደበው 7,500 ዶላር ሙሉ ቤት አያሠራም። አርክቴክቱ አሌሃንድሮ አራቬናና ባልደረቦቹ ከቤተሰቦቹ ጋር ተመካከሩ። ወጥ ቤቱን፣ መታጠቢያውን፣ ደረጃውን፣ ማለትም ለብቻ ለመሥራት የሚከብደውን ግማሽ ሠሩላቸው። ቀሪውን ነዋሪው በአቅሙ ጨመረ። ከቦታቸውም አልተነሱም።

መሐንዲሱ፦ ጥሩ ምሳሌ ነው። ግን እዚያ ማን እንደሚኖር ከመጀመሪያው ይታወቃል። የኛ ዕጣ የሚወጣው ሕንጻው ካለቀ ወይም ሊያልቅ ሲል ነው። ታዲያ ማንን ልጠይቅ?

የጀሞዋ፦ እንግዲያው ዕጣው ይቅደም! መሠረት ሲወጣ ሰዎቹ ይታወቁ። አራት መቶ ሺህውን ሰብስቡ አላልኩም። የአንድ ብሎክ ሰዎች ይቀመጡ። ጉልበቷን የሚያማት ምድር ቤት ትውረድ፣ እድርተኞች አንድ ብሎክ ይግቡ፣ የኮሚናሉ ቁልፍ ማን ጋ እንደሚሆን ያኔውኑ ይወሰን። ይሄ ሲሚንቶ አያስወድድም።

መሐንዲሱ፦ ቦታ መቀያየሩና ቁልፉ ያስማማኛል። ግድግዳና ደረጃ መቀየር ከተጀመረ ግን አልስማማም። አንዱ ብሎክ ከሌላው ከተለየ ወጪው ይንራል።

ተከራይዋ፦ ሁላችሁም የምታወሩት ዕጣ ስለወጣለት ሰው ነው። እኔ ስድስት ዓመት ኮንዶ ስኖር ሁሌም ተከራይ ነኝ። ኮሚቴው ስብሰባ ሲኖር የሚደውለው ለባለቤቱ ነው። እሱ ደግሞ እዚያ አድሮ አያውቅም። አንዴ ለምኜ ገባሁ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ መኪና ማቆሚያ ተወራ። ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ነው የሚመጣው። ጀሪካን ተሸክመን ደረጃ የምንወጣው ሴቶች አንድ ቃል ሳንናገር ተበተነ።

የጀሞዋ፦ እህቴ፣ ይሄን አላሰብኩትም ነበር። እናቴን ብቻ ነው ያየሁት። ጥያቄዬን አስተካክላለሁ፦ የሚጠየቀው ቤቱ ውስጥ የሚያድረው ሰው ይሁን፣ ካርታ ኖረውም አልኖረው። መሐንዲስ ወንድሜ፣ በዚህስ ምን ትላለህ?